ጉዳዩን የማያውቀው ባለጉዳይ አገር

አንባቢ ሆይ፤ የቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ፕራግ የሄድህ እንደ ሆነ፣ ጎብኚው ሁሉ ከአሮጌው ከተማ አደባባይ ቆሞ በ1410 የተሠራውን የግንብ ሰዓት ሲመለከት ታገኛለህ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አንተ ግን ፊትህን የኪንስኪ መሳፍንት ወደ ነበረው ሕንፃ መልስ። ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ በልጅነቱ የተማረው በዚያ ነው። በ1883 የተወለደበትም ስፍራ ከዚያው ከአደባባዩ አጠገብ ይገኛል።

ካፍካ በቼኮች ከተማ በጀርመንኛ የሚጽፍ አይሁዳዊ ነበር። ባይተዋርነቱ ከዚህ ብቻ የመነጨ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከአደባባዩ ጥቂት ተራምደህ ና ፖርዢቺ ወደሚባለው መንገድ ብትዘልቅ ሌላውን ምንጭ ታያለህ። ዛሬ ሆቴል የሆነው ትልቅ ሕንፃ ያን ጊዜ የሠራተኞች የአደጋ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነበር። ካፍካ ሕግ ተምሮ ከ1908 እስከ 1922 በዚህ መሥሪያ ቤት አገለገለ። ቀን ቀን መኪና የቆረጣቸውን ሠራተኞች ፋይል ይመረምራል፤ የእንጨት መላጊያው መኪና ጣት እንዳይቆርጥ እንዴት መሠራት እንደሚገባው በሥዕል አስደግፎ ያስረዳል። ሌሊት ደግሞ ልብ ወለዱን ይጽፋል።

እንግዲህ የዚያ ቢሮ ጥላ በድርሰቱ ላይ ቢያርፍ ምን ያስገርማል? በ1915 በታተመው ታሪኩ ውስጥ፣ እየተዘዋወረ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ሠራተኛ ጧት ሲነቃ ወደ ትልቅ ተባይ ተለውጦ ራሱን ያገኘዋል፤ ሆኖም ባቡሩ እንዳመለጠውና አለቃው ምን እንደሚለው ይጨነቃል። ከሞተ በኋላ በ1925 የወጣው «ችሎት» የተባለው መጽሐፍም የአንድ የባንክ ሹም ታሪክ ነው። ሹሙ በተወለደበት ቀን ይያዛል፤ ክሱ ምን እንደ ሆነ ግን እስከ መጨረሻው የሚነግረው የለም። ጉዳዩን ሳያውቅ ባለጉዳይ ሆኖ ሲመላለስ ይሞታል።

ካፍካ ነቢይ ነበር ለማለት አይደለም። ሰው ፋይል ብቻ ሲሆን ምን እንደሚደርስበት ግን ከብዙዎቹ ቀድሞ አይቷል፤ ከፋይሉ በስተጀርባ የተቆረጠ ጣት መኖሩን በየቀኑ ያውቅ ነበርና።

በመጨረሻ ወደ አዲሱ የአይሁድ መቃብር ሂድ። በ1924 በሳንባ ነቀርሳ የሞተው ካፍካ ከወላጆቹ ጋር አርፏል። ከግርጌው ባለው ጽሑፍ የሦስት እኅቶቹን ስም አንብብ። ናዚዎች በስም ዝርዝር እየመዘገቡ፣ ቁጥር እየሰጡ አግዘው ካጠፏቸው መካከል ናቸውና፣ አስከሬናቸው በዚያ የለም። ያለው ስማቸው ብቻ ነው፤ ቁጥር ግን አይደለም።