ወደ ባህር በሚወስደው መንገድ ላይ



ውድ አንባቢ! ዛሬ የማጫውትህ ስለ አንድ ገና ስላልተፈጸመ ጉዞ ነው። ምናልባት በአንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቅድ ይኖር ይሆናልና እስከ መጨረሻው ታገሰኝ።

እኔ በአዳማ ከተማ በአንድ መድረሳ የማስተምር፣ አርባዎቹን ያጋመስኩ የአምስት ልጆች አባት ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ለሕፃናት ሲራ አስተምሬአለሁ። በየዓመቱ የሶሓቦችን የሐበሻ ስደት ስተርክ ደስታዬ ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ከመካ በድብቅ ወጥተው፣ ሹዐይባ ከተባለው ወደብ በግማሽ ዲናር ክፍያ በነጋዴዎች መርከብ ተሳፍረው ቀይ ባህርን እንደ ተሻገሩ እናገራለሁ። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ለገዛ ልጆቼ ስተርክ የሰባት ዓመቷ ልጄ አቋረጠችኝና፣ «አባባ፣ ባህር ምን ይመስላል?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? ዝዋይን አይቻለሁ፤ ላንጋኖን አይቻለሁ፤ በሶደሬ ፍል ውኃ ታጥቤአለሁ። ባህር ግን አላየሁም። ይህንኑ ስነግራት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ለካስ ሃያ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ነገር እንዳየ ሰው ስተርክ ኖሬአለሁ!

በዚያው ሰሞን የእቁብ ዕጣ ደረሰኝ። ከኢሻ ሶላት በኋላ የልጆቼ እናት ደብተር አወጣች፤ ትልቋ ልጄ ካርታ ዘረጋች፤ የት እንሂድ የሚለውን ምክክር ጀመርን።

መጀመሪያ ያሰብነው ምጽዋን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ያረፉበት ነው ተብሎ የሚነገርለት ወደብ ነውና ልባችን ወደዚያ አዘነበለ። ነገር ግን የየብሱ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2018 ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ስለ ተዘጋ ተስፋችንን አጠፍነው። ቀጥሎ ዘይላን አነሳን። የሐረር ነጋዴዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ዓለም የወጡበት በር ነው። ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባጡጣ በ14ኛው መቶ ዓመት እዚያ ደርሶ፣ የዓሣው ሽታና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ደም አስመርሮት፣ ባህሩ እየተናወጠ እንኳ መርከብ ላይ ማደርን እንደ መረጠ ስነግራቸው ልጆቼ ሳቁ። የዛሬዋ ዘይላ ግን ትንሽና ሩቅ ከተማ ናት፤ አምስት ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ሰው አትመችም።

በመጨረሻ በታጁራ ተስማማን። ታጁራ በጅቡቲ አገር፣ በባህረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች፣ በነጫጭ ቤቶቿና በሰባት መስጊዶቿ የምትታወቅ ጥንታዊ የአፋር ሱልጣኔት መቀመጫ ናት። የሸዋ ሲራራ ነጋዴ ወደ ባህር የሚወርደው በእርሷ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር የመጡት ከዚያ ተነስተው ነው። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ራምቦም ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ፣ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት ያሳለፈው በዚያች ከተማ ነው።

ወቅቱንም አሰብንበት። በእኛ አገር ክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በዚያ ግን ወራቱ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት፣ አሸዋ የሚያነሳ ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት ነው። ስለዚህ አየሩ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት እንሂድ አልን። ለሰባት ሰው ፓስፖርት፣ የመግቢያ ፈቃድ፣ የባቡርና የጀልባ ዋጋ፣ ማደሪያ ሁሉ በደብተሩ ሰፈረ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ትልቋ ልጄ በካርታው ላይ የባቡሩን መስመር በእርሳስ እየተከተለች ከተሞቹን ትጠራ ጀመር። «አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ…» እዚህ ላይ እርሳሷን አቆመችና፣ «አባባ፣ ሚኤሶ አያታችን ያለችበት አይደለም እንዴ?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። የልጆቼ እናት ደብተሩን እያየች ቀስ ብላ፣ «ባቡሩ በእናትህ ደጅ ነው የሚያልፈው» አለች።

ውድ አንባቢ! እናቴን ካየኋት ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። «ምነው ጠፋህ?» ስትለኝ አንድ ጊዜ ገንዘብ የለኝም፣ ሌላ ጊዜ ፋታ የለኝም እላለሁ። ከአዳማ ሚኤሶ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቀው ባህር ግን ገንዘቡም ፋታውም ተገኝቶ ነበር! የሙራድ ጎሣው ኡወይስ አል ቀረኒ እናቱን ሲንከባከብ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በዓይኑ ለማየት ሳይታደል እንደ ቀረ፣ በዚህም ደረጃው ከፍ እንዳለ በክፍል ውስጥ የማስተምር እኔው ነኝ። ለካስ ይህንንም እንደ ባህሩ ሳላየው ነው ያስተማርኩት።

በማግስቱ በእህቴ ስልክ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ሁላችንም ልንመጣ ነው» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ወላሂ፣ ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ልጇ ያለ ለቅሶ ይመጣል ብላ ማሰብ ተስኗታል ማለት ነው።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ተነሳን። መተሐራ ስንደርስ ትንሿ ልጄ የበሰቃን ሐይቅ አይታ፣ «ባህሩ ደረስን!» ብላ ጮኸች። በሰቃ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ የሰው እርሻና ግጦሽ ውጧል። «ይህ ባህር አይደለም፤ ወሰኑን እየረሳ የመጣ ሐይቅ ነው» አልኳት።

ሚኤሶ ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ልጆቹን አንድ በአንድ አቀፈቻቸው። ትንሿን ግን ፊቷን በእጇ ስትዳብስ አየሁና ደነገጥኩ። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ኖሯል። እህቴ ልትነግረኝ ስትል፣ «በእጁ ምንም የለውም፤ አታስጨንቂው» ብላ ከልክላት ነበር። ገንዘብ የለኝም እያልኩ የደጋገምኩትን ሰበብ እናቴ አምናኝ፣ ለእኔ ብላ በጨለማ ተቀምጣለች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የልጆቼ እናት ሳልጠይቃት፣ «ደብተሩ ላይ ያለው ገንዘብ ለዓይኗ ይበቃል» አለችኝ። አላህ ይውደድላት።

በቆየንባቸው ቀናት እናቴ ሆጃ እያፈላች ለልጆቹ አጫወተቻቸው። አባቷ በወጣትነቱ በአሮጌው ባቡር ጅቡቲ ድረስ ሄዶ ቴምርና ሽርጥ ይዞላት እንደ መጣ ነገረቻቸው። ያ መስመር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። «ባህር ምን ይመስላል አላቸው?» ብላ ጠየቀቻት ትንሿ። «ማዶ የሌለው ውኃ ነው፤ ቢጠማህም አትጠጣውም ብሎኛል» አለቻት። ሃያ ዓመት የፈለግኩት መልስ በእናቴ ቤት ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ይዘናት አዳማ ተመለስን። የአንድ ዓይኗ ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሳ፤ አልሐምዱሊላህ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የትንሿን ልጄን ፊት ነው። «ጥርስሽ ወልቋል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ውድ አንባቢ! ጉዞ አታድርግ እያልኩህ አይደለም። በምድር ላይ ተጉዞ የቀደሙትን ፍጻሜ ማስተዋል የታዘዝንበት ነገር ነው። ልጆችን ታሪክ ያለበት ቦታ ማድረስም መልካም አስተዳደግ ነው። ነገር ግን ስታቅድ ሁለት ነገር አስብ። አንደኛ፣ በብድር አትውጣ፤ የዕረፍቱ ቀን ያልፋል፣ ዕዳው ግን አብሮህ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ካርታውን ስትዘረጋ በመንገድህ ላይ ማን እንዳለ ተመልከት። ወዳጅ ዘመድህን በመስኮት አሻግረህ አይተህ የምታልፍ ከሆነ፣ የምትደርስበት ቦታ ምን ያህል ቢያምር ጉዞህ ጎደሎ ነው።

ደብተሩ አሁንም በመሳቢያ ውስጥ አለ። አዲስ እቁብ ገብተናል፤ የታጁራውም ሐሳብ አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ሒሳቡን እንደገና ስትሠራ እናቴ ከምንጣፏ ላይ ሆና ሰማቻት። «ስንት ሰው አልሽ?» አለቻት። «ሰባት» ስትላት፣ «ስምንት አድርጊው፤ አባቴ ያየውን እኔም ልየው» አለቻት።

ስምንት ብለን ጽፈናል። አላህ ዕድሜውንና ጤናውን ይስጠን፤ ለአንተም መንገድህን ያቅናልህ። ኣሚን።