ከሰኞ እስከ ዓርብ

ሚኒያፖሊስ፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለጋሼና ለመላው ቤተሰብ፤

ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ። በረዶው ኅዳር ሳይጋመስ ወርዷል። እማዬ፣ የሰጠሽኝ በርበሬ ጉምሩኩን አልፏል፤ ጋቢውም ከላዬ አልወረደም። ይህን የምጽፈው ጋሼ ስሸኝ ለጠየቁኝ ጥያቄ ነው፤ «ወንጌል ይዘው የመጡልን ሉተራኖች ዛሬ ቤታቸው ባዶ ነው ይባላል፤ አይተህ እውነቱን ጻፍልኝ» ብለውኛልና።

ጋሼ፣ እሑድን ብቻ ካዩ ወሬው እውነት ነው። ትልቅ የድንጋይ ጸሎት ቤት ውስጥ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው፤ የመጣውም ሰው አብዛኛው ጸጉሩ የነጣ ነው። መዝሙሩ በኦርጋን ታጅቦ በልኩ ይዘመራል። እጅ የሚያነሣ የለም፣ እልል የሚል የለም፤ ስብከቱም የእኛ ሰባኪ ገና ሰላምታ ሰጥቶ ባልጨረሰበት ሰዓት ያልቃል። ቁጥሩን ራሳቸውም አይደብቁትም። ኢኤልሲኤ ብለው በአጭሩ የሚጠሩት፣ በአሜሪካ ትልቁ የሉተራን አካል፣ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ተዋህደው በ1988 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሩት፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የእኛዋ መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትቋቋም 20 ሺህ ያህል ምዕመን ነበራት፤ አሁን ከ10 ሚሊዮን አልፋለች። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ወንጌል ሰባኪ መላክ ያለብን እኛ ነን።

ግን ማክሰኞ ጠዋት በጎን በር ገብተው ወደ ምድር ቤት ቢወርዱ ሌላ ነገር ያያሉ። እዚህ አገር ምድር ቤት የሌለው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን እስካሁን አልገጠመኝም። ሰፊ አዳራሽ፣ ሰፊ ወጥ ቤት፣ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ የቡና ማፍያ። ቡናው፣ እማዬ፣ አንቺ «ሦስተኛ» ከምትይው ይቀጥናል።

ማክሰኞ የብርድ ልብስ ቀን ነው። ኩዊልት ይሉታል። ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዷ አሮጌ መጋረጃና ሸሚዝ በካሬ በካሬ ትቆርጣለች፣ ሌላዋ በስፌት መኪና ታያይዛለች፤ የተቀሩት ላዩን፣ መሐል የሚገባውን ሙቀት ሰጪና ገበሩን ደራርበው በወፍራም ክር ይቋጥራሉ። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ዓይናቸው የመርፌ ቀዳዳ አልለይ ስላላቸው ክር ማስገባቱ የእኔ ሥራ ሆነ። የተሰፋው ሁሉ ለሉተራን ወርልድ ሪሊፍ ይላካል። ይህ ድርጅት በ1945 እ.ኤ.አ. በጦርነት ለደቀቀው አውሮፓ እርዳታ ለመላክ የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ ብርድ ልብሶቹን ጦርነትና የመሬት መንቀጥቀጥ ወዳፈናቀላቸው ሰዎች ይልካል። አንዱ ይለብሰዋል፣ አንዱ ያነጥፈዋል፣ አንዱ ድንኳን ውስጥ መጋረጃ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ገርሞኝ ጠየቅሁ። ከዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ መስቀል የለም። መመሪያው ይከለክላል አሉኝ፤ መስቀልም ሆነ ባንዲራ አይሰፋበትም። ተቀባዩ ሙስሊም ይሁን ሌላ አይታወቅም፣ ብርድ ልብሱ ሊያስቸግረው አይገባም ባዮች ናቸው። ከመላኩ በፊት ባለው እሑድ ግን ሁሉንም አምጥተው በየወንበሩ መደገፊያ ላይ ይዘረጓቸዋል፤ ቄሱ ይጸልዩባቸዋል። በዚያ ቀን ባዶ ወንበር አይታይም።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ሆትዲሽ የሚሉት አለ፤ የተፈጨ ሥጋ ከፓስታ ወይም ከድንችና ከቆርቆሮ የእንጉዳይ ሾርባ ጋር ተደባልቆ ምድጃ የሚገባ ነው፣ ቅመም የሚባል አልነካውም። ሰው ሲሞት፣ ሴት ስትወልድ፣ ጎረቤት ሲታመም እሱን ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ ወር ደግሞ ሉተፊስክ አለ። የደረቀ ዓሣ በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ለቀናት ታጥቦ የሚቀቀል የኖርዌይና የስዊድን አያቶቻቸው ምግብ ነው። ሰው ቲኬት ገዝቶ ይሰለፋል፣ ገቢው ለአገልግሎት ይውላል። ቀምሻለሁ። ገንዘቡን በደስታ ሰጥቻለሁ፤ ዓሣውን ግን ሁለተኛ አያሳየኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ የእድር ሰብሳቢ ስለሆኑ ይህን ልንገርዎ። በ1902 እ.ኤ.አ. ዊስኮንሲን ውስጥ አፕልተን በምትባል ከተማ ሉተራኖች ተሰባስበው መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ። አባሉ በየጊዜው ጥቂት ያዋጣል፤ ሲሞት ለሚስቱና ለልጆቹ ገንዘብ ይደርሳቸዋል። መቶ ዓመት ሲሞላው ከሌላ መሰል ማኅበር ጋር ተዋህዶ ትራይቨንት ተባለ። ዛሬ እዚህ ሚኒያፖሊስ መሐል ትልቅ ሕንፃ አለው፣ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ያስተዳድራል፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህም በሩን ለሌሎች ክርስቲያኖች ከፍቷል። የእኛ እድር ከድንኳን፣ ከአግዳሚና ከድስት አላለፈም። ይህ ያስቆጫል። በሌላ በኩል የእነሱን ለቅሶ አይቻለሁ፤ ከቀብር መልስ ምድር ቤት ወርደው ሳንድዊች በልተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ባልቴቷ ብቻዋን መኪናዋን እየነዳች ቤቷ ትገባለች። የሚያድርላት የለም። ቢሊዮኑ ይህን አልገዛም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከተማው ውስጥ ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባል ሠፈር አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ረጃጅም ፎቆች ከሩቅ ይታያሉ፤ ነዋሪው ብዙው ሶማሌ ነው፣ ኦሮሞውም፣ ሌላው ሐበሻም አለ። በዚህ ሠፈር ኖርዌጂያን ስደተኞች በ1868 እ.ኤ.አ. ትሪኒቲ የሚባል ማኅበረ ምዕመናን መሠረቱ። በ1966 እ.ኤ.አ. አውራ ጎዳና ሊያልፍ ነው ተብሎ ጸሎት ቤታቸው ፈረሰ። አባላቱ ወደ ዳር ከተማ ሊበተኑ ይችሉ ነበር፤ ብዙ ነጭ ምዕመን ያኔ እንዲያ አድርጓል። እነሱ ሠፈሩን አልለቀቁም፤ ኋላም እዚያው አጠገብ ባለው የኦግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጸሎት ቤት መሰብሰብ ጀመሩ። የገዛ ጣሪያ የሌለው ይህ ትንሽ ማኅበር ለዓመታት የሠፈሩን ልጆች የቤት ሥራ ሲያግዝ ኖሯል። ልጆቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ የሚያስጠኗቸው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና ጡረተኞች ናቸው። ስብከት የለም። እናቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ልጆቻቸውን ይልካሉ።

በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ሲሞትና ሌክ ጎዳና ሲቃጠልም፣ ከተቃጠለው ፖሊስ ጣቢያ ብዙ የማይርቀው ሆሊ ትሪኒቲ የተባለው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በሩን ከፍቶ የቁስለኛ መርጃ ሆነ፤ ጭስ ያቃጠለው ዓይኑን ታጠበበት፣ ሱቅ የተቃጠለበት ሠፈርም ከዚያ ምግብ ወሰደ። ይህ የአንድ ሳምንት ጀግንነት ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። የስደተኞች አገልግሎታቸው በ1939 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ እስከ ዛሬ አለ፤ ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ ከመጡት ወገኖቻችን ውስጥም ማኅበረ ምዕመናን ስፖንሰር ሆነው፣ ቤት ተከራይተው፣ ምጣድ ፍለጋ ሳይቀር አብረው ዞረው የተቀበሏቸው አሉ። የኦሮሞ ሉተራን ማኅበሮችም ዛሬ በዚህ ከተማ ያመልካሉ። እዚያ ነው እልልታ የሰማሁት፤ እዚያ ነው ወጣት ያየሁት።

ሴንት ፖል ወዳለው የሉተር ሴሚናሪ ግቢም ሄጃለሁ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተማሩት እዚያ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ሁልጊዜ የሚያነሡት የ1972 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ ትዝ አለኝ፤ ቄስ ጉዲና ዋና ጸሐፊ ሳሉ መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው። ለጋሾቹ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ አለን፣ ለወንጌል ግን የለንም ሲሉ፣ ሰውን ለሁለት አትክፈሉት፣ ሥጋና ነፍሱ አንድ ላይ ነው የሚገለገለው ብላ የሞገተችበት ነው። በ1971 ዓ.ም. ደርግ ገደላቸው እንጂ እሳቸው ራሳቸው መልሱን ባዩ ነበር።

እኔ ያየሁትን ልናገር። እዚህ የደብዳቤው አንዱ ግማሽ ይኖራል፤ እጃቸው ይሠራል፣ አፋቸው ግን ያፍራል። ያን ሁሉ ብርድ ልብስ የሰፋችው እናት ስለምታምነው ነገር ብጠይቃት ፊቷ ቀልቶ ወሬ ለወጠች። ልጅ ልጆቿም አብረዋት አይመጡም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላው ግማሽ አለ፤ አፋችን አያርፍም። ልማት ኮሚሽን አለን፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አለን፣ አውቃለሁ፤ ያ ግን ከላይ በፕሮጀክትና በለጋሽ ገንዘብ የሚሄድ ነው። የእኔ ወቀሳ በእኛው ማኅበረ ምዕመናን ላይ ነው።

እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ አንድ ነገር ልጨምር። መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ምክንያት ከኢኤልሲኤና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች። እዚህ ጉዳዩን የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ያዝኑብናል፣ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ውሳኔ ይቃወማሉ። እኔ በትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያናችን ጋር ነኝ። ነገር ግን የተስማማንበት ነገር የለም ብለን የምድር ቤቱን ሥራ አብረን ከጣልነው ጉዳቱ የእኛ ነው፤ በ77ቱ ድርቅ እህል ያመላለሰው ይኸው የሉተራን ኅብረት መሆኑን እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ልመናዬ ይህ ነው። የእኛ ሠፈር ልጆች ማታ ማታ የሚያጠኑበት አጥተው ሱቅ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። አዳራሻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ይውላል፤ መብራትም ወንበርም አለው። በታኅሣሥ የሽማግሌዎች ጉባኤ ሲሰበሰብ አጀንዳ ያስይዙልኝ፤ ረቡዕና ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ ለሠፈሩ ልጆች ሁሉ፣ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም፣ ለጥናት ይከፈት። ጡረታ የወጡት መምህራን እማዬ ማኅበር ውስጥ አሉ፤ እማዬ፣ አንቺ አናግሪያቸው። ማንም እንዳይሰብክ፣ የጠየቀ ግን መልስ እንዲያገኝ ይወሰን። ለኖራ ሰሌዳና ለደብተር የሚሆን ጥቂት ብር በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ፤ የጉባኤውን ውሳኔ ግን ሳትዘገዩ ጻፉልኝ።

ልጃችሁ