መርፌዋ መሃል ስትቆም

ባለፈው መስከረም ፔንታክስ ኬ1000 ካሜራ ተውሼ ደምበጫ፣ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ባትሪዋ ለብርሃን መለኪያዋ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው።

አያቴ ካሜራዋን እንዳዩ፣ «በል እንግዲህ፣ ስሞት ለለቅሶዬ የምትያዝ ፎቶ አንሳኝ» አሉ። ነጭ ነጠላቸውን ከሳጥን አውጥተው ተከናነቡና ከደጃፉ ጥላ ተቀመጡ።

ፊልሙ ባለ 100 ነው። የመዝጊያውን ፍጥነት 125 ላይ አደረግሁ። የሌንሱን ቀዳዳ 11 ላይ ሳደርሰው መርፌዋ ልክ መሃል ቆመች። አመንኳት፤ አነሳሁ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነጠላው አመድ መስሏል፤ ፊታቸው ጠቁሮ ዓይናቸው እንኳ አይለይም። ለገና ይዤላቸው ሄድኩ። አገላብጠው አዩና፣ «ነጠላዬስ ነው፤ እኔ የት አለሁ ልጄ?» አሉኝ።

መርፌዋ አልዋሸችም። መለኪያው የሚያየውን ሁሉ በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ግራጫ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ቀዳዳውን አጥብብ ይላል። እኔ የለካሁት ነጠላውን እንጂ አያቴን አልነበረም።

በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ደጃፍ እንደገና ተቀመጡልኝ። ተጠግቼ ፊታቸውን ብቻ ለካሁ፤ መርፌዋ 4 ላይ መሃል ገባች። ጠይም ፊት ደግሞ ከግራጫው ስለሚጠቁር፣ አንድ እርከን አጥብቤ 5.6 አደረግሁት። መርፌዋ ከመሃል ወረደች። ተውኳትና አነሳሁ።

ያቺ ፎቶ ዛሬ ከመደቡ በላይ ተሰቅላለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር አያቴ፣ «ለለቅሶዬ ናት» ይላሉ፤ እየሳቁ።