ሽርጤ፣ ኮፍያዬና ፎቶ ላይ የሌለው ልጅ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሽርጥ ነው። አዎ፣ ስለ ሽርጥ። አትሳቁብኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ነገሩ በኮፍያ ቀለም ጀምሮ እኔን ያሳፈረኝ ቦታ ላይ ነው ያበቃው።

ያደግኩት ወሎ ገጠር ነው። በደረሳነቴ ዘመን አንድ ሽርጥ ነበረችኝ። ቀን እለብሳታለሁ፣ ማታ እሸፈናታለሁ። ስታድፍ ወንዝ ወርጄ አጥባትና እስክትደርቅ ጋቢዬን አገልድሜ እጠብቃታለሁ። ከላይ የሚለበሰው የተገኘው ነው። ስለ ቀለም ያሰበ ደረሳ አላስታውስም። ሸይኻችንም የሚቆጣጠሩን ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ንጽሕናዋንና ርዝመቷን።

ከዚያ ከተማ ገባሁ። መስጂድ ውስጥ ኢማማችንን ማገዝ ስጀምር ሱሪ ለባሽ ሆኛለሁ። ሱሪ ብዙ አያሳስብም። ጥቁር ሱሪ ካለህ ከሁሉም ሸሚዝ ጋር ይሄዳል። ኪስ አለው። ጫማህንም ግማሹን ይሸፍንልሃል። ለዓመታት የለበስኩትን ሳላየው ነው የኖርኩት ብል አላጋነንኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ ከባቲ የሰኞ ገበያ አንድ ሽርጥ ገዝቶ ላከልኝ። መደቧ አረንጓዴ፣ ላይዋ ላይ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊና ቀጭን ነጭ መስመር አላት። ጁሙዓ ጠዋት ታጥቤ ለበስኳትና መስታወት ፊት ቆምኩ። ሸሚዜ ቡናማ ባለ መስመር ነው። ኮፍያዬ ቀይ ጥለት አለው። እግሬ ላይ ያለው ደግሞ የውዱእ ነጠላ ጫማ ነው። ሱብሃነላህ! ሰው ሳይሆን የጨርቅ ሱቅ መሰልኩ።

የዚያን ቀን ነው የገባኝ። ሽርጥ ብቻዋን አትለበስም፤ ሌላውን ሁሉ ትጠይቅሃለች። ብዙ ቀለም ስላላት ከላይ የሚመልስላት ልብስ ትፈልጋለች። ኪስ ስለሌላት ስልክህንና ቁልፍህን የት ታደርጋለህ? ወይ ቀበቶ ወይ ትንሽ የትከሻ ቦርሳ። ከቁርጭምጭሚት በላይ ስለምትቀር እግርህና ጫማህ ይታያሉ። ስለዚህ ተረከዝህን ማሸት ጀመርኩ በለኝ! ቀስ እያልኩ አንድ ዘዴ አገኘሁ። ታች ባለ መስመር ከሆነ ላይ ልሙጥ። ኮፍያው ደግሞ ከሽርጧ ቀጭን መስመር ቀለሙን ይውሰድ። በቃ፣ ይኼው ነው።

ይኼ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ኪልት የሚባል ከጉልበት የሚደርስ ባለ መስመር ልብስ አለ። እሱም ኪስ የለውም። ስለዚህ ፊት ለፊት የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጥላሉ። እግር ስለሚታይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ያስፈልጋል። ካልሲው ከኪልቱ፣ ቀበቶው ከቦርሳው፣ ክራቫቱ ከመስመሮቹ ካንዱ ጋር መስማማት አለበት። ሱሪ ለብሶ ስለ ካልሲው ቀለም አስቦ የማያውቅ ወንድ ኪልት ሲለብስ ያስባል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1746 ዐመፅ ለማዳከም ብሎ ያንን የደጋ ልብስ በሕግ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። ልብስ ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ባልተከለከለ።

ወደ ራሳችን ኪታብ ስንመለስ ደግሞ የበለጠ ነገር እናገኛለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢዛር ይለብሱ ነበር፤ ከወገብ በታች የሚታጠቅ ጨርቅ ነው፤ የኛ ሽርጥ ዘመድ ማለት ነው። ዐረቦች ኢዛሩና ከላይ የሚደረበው ሪዳእ አንድ ዓይነት ሲሆኑ «ሑላ» ይሉታል። ዛሬ እናንተ «ማች» የምትሉትን እነሱ ስም አውጥተውለት ነበር። አል-በራእ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በቀይ ሑላ እንዳዩዋቸውና ከዚያ ያማረ እንዳላዩ አውርተዋል። ስለ ኩራት በተነገረው ሐዲስም ሰውየው የጠየቀው ልብሱም ጫማውም እንዲያምሩለት ስለሚወድ ሰው ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይኼ ኩራት እንዳልሆነ፣ አላህ ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ማለት ሐቅን አለመቀበልና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስረዱት። ይኼን የመጨረሻውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከመግሪብ በኋላ ቁርኣን የሚቀሩ ወጣቶች አሉን። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ አንዱ «ኡስታዝ፣ ይቺን ከየት አመጧት?» አለኝ። በወሩ ሦስቱ ሽርጥ ለበሱ። ሱሪያቸው ተቀዶም ደንታ ያልነበራቸው ልጆች ስለ ኮፍያ ቀለም ሲከራከሩ ሰማሁ። ልብሳቸውን መተኮስ ጀመሩ፣ ሽቶ ተቀቡ፣ ለጁሙዓ በጊዜ መምጣት ጀመሩ። ደስ አለኝ፤ አልሃምዱሊላህ አልኩ።

ኢደል ፊጥር ሲቃረብ በቴሌግራም ግሩፓችን አንድ ሐሳብ መጣ፦ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሽርጥ፣ ነጭ ሸሚዝና ክሬም ኮፍያ እንልበስ። አጸደቅኩ። ማጽደቅ ብቻ አይደለም፣ ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዋጋውን የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

የኢድ ቀን አምሮብን ነበር። ከሰላት በኋላ ተሰልፈን ፎቶ ተነሳን። ማታ ፎቶውን ሳየው አንድ ልጅ የለም። ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው፤ ሱብሒ ሰላት ከኔ ቀድሞ ነው የሚገኘው። በማግስቱ ሥራ ቦታው ሄድኩ። ጎማ እየፈታ ነበር። «ኢድ ሙባረክ! ሰላት የት ሰገድክ?» አልኩት። «እዚያው ነበርኩ ኡስታዝ፣ ከኋላ» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልመጣህም?» እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ሳይል፦ «ፎቶውን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ነው» አለኝ።

ወላሂ የምመልሰው አጣሁ። ውበት ሱና ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ፣ አንድ ሙስሊም በኢድ ቀን ራሱን እንደ እድፍ እንዲቆጥር አድርጌአለሁ። ማንም አልናቀውም ትሉኝ ይሆናል። ግን እሱ የተናቀ መስሎት ከኋላ ሰግዶ ሄዷል፤ እኛ ደግሞ እስከ ማታ መቅረቱን አላወቅንም። ካላስተዋልከው ሰው ጋር በምን ተስማማህ?

የዚያን ቀን ሌሊት የአቡ ዘር (ረ.ዐ) ታሪክ ትዝ አለኝ። ስንት ጊዜ ቀርቼዋለሁ! አቡ ዘር ረበዛ በሚባል ቦታ ሳሉ ሰዎች አገኟቸው። እሳቸው አንድ ቡርድ ለብሰዋል፤ አገልጋያቸውም እንደዚያው ያለ ለብሷል። ሰዎቹ ሁለቱን ብታጣምራቸው ሑላ ይሆንልህ ነበር አሏቸው። ማች ይሆንልህ ነበር እንደማለት ነው። አቡ ዘር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእጃችሁ በታች ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከምትለብሱት አልብሷቸው ብለው እንዳስተማሯቸው ነገሯቸው። እሳቸው የራሳቸውን ሑላ ለሁለት ከፍለው ሰው አለበሱበት። እኔ ሑላ ለማሟላት ብዬ ሰው አጎደልኩ።

በማግስቱ ያቺን የአጎቴን ሽርጥ አጥቤና ተኩሼ ወሰድኩለት። እምቢ አለ። ለመንኩት። በመጨረሻ ሳቅ አለና «ኡስታዝ፣ ከሰጡኝ አይቀር ኮፍያውንም ይጨምሩበት፤ ማች ካላደረገ አልለብስም» አለኝ። ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አውልቄ ሰጠሁት።

ለኢደል አድሓ አንድ ደንብ አወጣን፦ አዲስ የሚገዛ የለም። ሁሉም ያለውን አጥቦ ይለብሳል፤ ሁለት ያለው አንዱን ለወንድሙ ያመጣል። ፎቶው ላይ ቀለማችን የተለያየ ነው። የጎደለ ግን የለም።

ወንድሜ፣ ሽርጥህን ከኮፍያህ ጋር አስማማ፤ አልከለክልህም። ወንድ ልጅ ንጹሕና ያማረ ሆኖ ወደ አላህ ቤት ሲመጣ ደስ ይላል። ከቤትህ ስትወጣ መስታወት እንዳየህ ሁሉ ግን ሰፍ ላይ ስትቆም ቀኝና ግራህን እይ። ማን ቀረ? ለምን ቀረ? አላህ ሐጅ ሲወፍቀን ሁላችንም ያልተሰፋ ሁለት ጨርቅ፣ ኢዛርና ሪዳእ፣ ለብሰን እንቆማለን። የዚያን ቀን ሀብታሙም ድሃውም ማች ነው።

አላህ ውጫችንንም ውስጣችንንም ያሳምርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።