የጨው ወዳዱ ርስት

አዲስ አበባ ውስጥ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበትን አጥር ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም፤ አፍንጫ ቀድሞ ያነበዋል። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ አሞኒያ ነው። እኛ ትንፋሽ ውጠን የምናልፈውን ነገር ቁርስም ምሳም አድርገው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። እኔን የማረከኝ ከነሱ አንዱ፣ ጨው ካልበዛለት ኑሮ የማይጥመው ነው። ሐኪም «ጨው ቀንስ» ካለኝ ወዲህ ስለሱ የማነበው በቅናት ነው።

ናይትሮሶኮከስ ሃሎፊለስ ይባላል። እንግዳ ሰው ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» ማለት ካደግሁበት ቤት የወረስኩት ልማድ ነውና፣ ይህንንም ጠየቅሁት። የጎጃም የርስት ሙግት ውስጥ ገብቼ አረፍኩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከፍሳሽ ነው። በ1877 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሽሎዚንግና ሙንትዝ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የከተማ ፍሳሽ፣ አሸዋና ኖራ ድንጋይ በሞላው ቱቦ ውስጥ ቀስ እያሉ ያሳልፉ ጀመር። ሦስት ሳምንት ገደማ ምንም አልታየም። ከዚያ አሞኒያው እየጠፋ በምትኩ ናይትሬት መውጣት ጀመረ። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ሥራው ቀጥ አለ። ተራ ኬሚስትሪ ክሎሮፎርም አያደነዝዘውም፤ ስለዚህ ሠራተኛው ነፍስ ያለው ነው።

ማንነቱን ለማወቅ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ፤ ምክንያቱም ያስቃል። የዘመኑ ሊቃውንት ባክቴሪያ ሲያሳድጉ መረቅና ጄላቲን ይቀልቡት ነበር፤ ይኼኛው ደግሞ ግብዣ አይወድም። የኪየቭ ተወላጁ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 ዙሪክ ላይ ምግቡን ሁሉ ነሥቶ አሞኒያ፣ ማዕድንና ካርቦኔት ብቻ ሲያቀርብለት ግን በቀለ። አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ከዚያ በሚያገኛት ጥቂት ጉልበት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ገላውን ይሠራል። ፀሐይ አይፈልግ፣ የሌላ ሬሳ አይፈልግ። ከዚህ የበለጠ ባሕታዊ አላውቅም።

ቪኖግራድስኪ ስም አወጣ። አንዱን ወገን ናይትሮሶሞናስ፣ ከደቡብ አሜሪካ አፈር ያገኛቸውን ድቡልቡሎች ደግሞ ናይትሮሶኮከስ አላቸው። አቅኚው አባት እንግዲህ የየብስ ሰው ነው። ሙግቱ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ያ የአፈሩ ናይትሮሶኮከስ ዛሬ በየትኛውም ቤተ ሙከራ የለም፤ ዘሩ ተይዞ አልቆየም። ስሙ ግን ባዶ አልቀረም። በ1965 ማሳቹሴትስ ውስጥ በዉድስ ሆል ይሠራ የነበረው ስታንሊ ዋትሰን፣ ከአትላንቲክ ውኃ ያወጣውን አሞኒያ በላተኛ ናይትሮሶሲስቲስ ብሎ ሰይሞ ነበር። በ1971 ራሱ ዋትሰን ሐሳቡን ለውጦ ወደ ናይትሮሶኮከስ አዛወረው። በአንድ ወረቀት የየብሱ ርስት ወደ ባሕረኞች ዞረ፤ ተከራካሪም አልቀረበ። በ1990 ሃንስ ፔተር ኮፕስና የሃምቡርግ ባልደረቦቹ፣ በሰርዲኒያ ዳርቻ ከባሕር ተከልሎ ከቀረ ጨዋማ ውኃ የተገኘውን የኔን ወዳጅ በዚሁ ስም ሥር አስመዘገቡ።

ባዕድነቱ የወጣው የዘር ቅንጣት ማንበብ ሲቻል ነው። ከነናይትሮሶሞናስ ጋር የሚያገናኘው ሙያ እንጂ የቅርብ ሥጋ አይደለም። የቅርብ ዘመዶቹ ሐምራዊ የድኝ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚኖሩት በብርሃን ነው። አሞኒያ የሚያቃጥልበት ኢንዛይም ሚቴን በላተኞች ከያዙት ጋር ይቀራረባል። አጎቶቼ ይህን የዘር ቆጠራ ቢሰሙ ኖሮ ጉዳዩን ለሽማግሌ ይመሩት ነበር።

ባሕሩንም ቢሆን ለብቻው አልያዘውም። በ2005 ከሲያትል የሕዝብ አኳሪየም ገንዳ የወጣ ሌላ ደቃቅ ፍጡር አሞኒያ ሲበላ ተገኘ፤ ባክቴሪያ እንኳ አይደለም፣ አርኬያ ነው። በሰፊው ውቅያኖስ የዚህ ሥራ ትልቁ ድርሻ የሱ ወገኖች መሆኑ በኋላ ታወቀ።

ጨው ላይ ግን ጨው ወዳዱ አይታማም። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይዟል፤ ለሱ የሚስማማው 40 ግራም ገደማ ሲሆን ነው፣ እስከ 100 ግራም አካባቢም ይችላል። ከዚያ በላይ የሚያግደው ጣዕሙ ሳይሆን ገቢው ነው። ጨዋማ ውኃ ከሕዋስ ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ይህን ለመቋቋም ባክቴሪያው ሕዋሱን የማይጎዱ ቅመሞችን ማጠራቀም አለበት፣ ማጠራቀሙም ጉልበት ይበላል። የኢየሩሳሌሙ አሮን ኦሬን በ1999 ሂሳቡን አስልቶ አሳይቷል፦ በአሞኒያ የሚተዳደር ፍጡር የሚያገኘው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ጨው እጅግ ሲበዛ ለመከላከያው የሚያወጣውን አይሸፍንለትም። ሙት ባሕር በሊትር ከ300 ግራም በላይ ጨው አለው። ጨው ወዳዱ እዚያ ለመኖር አቅሙ አይፈቅድለትም።