ሲያገባ የኛ፣ ሲስት የነሱ

«ከዳተኛ» የሚለው ቃል ኳስ አካባቢ ርካሽ ነው። ክለብ የቀየረ ከዳተኛ ነው። በቀድሞ ክለቡ ላይ አግብቶ የጨፈረም ከዳተኛ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን በአንድ ግማሽ ውስጥ አስር ሰው ከዳተኛ ብለን ወደየቤታችን እንገባለን፤ ማንም አይጎዳም። ነገሩ የሚከብደው ሰውየው የቀየረው ክለብ ሳይሆን አገር ሲሆን ነው። ያኔ ቀልዱ ያልቅና ሁላችንም ዳኛ እንሆናለን።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ዲዬጎ ኮስታ ነው። አዎ፣ ያ የቼልሲው። ተከላካይ ቆንጥጦ፣ ገፍቶ፣ አናዶ ሲያበቃ «እኔ ምን አደረግኩ?» የሚል ፊት የሚያሳየው። የአርሴናል ደጋፊዎች (እዚህ ከተማ ደግሞ ማን ያልሆነ አለ?) ስሙን ስትሰሙ ደማችሁ እንደሚፈላ እናውቃለን። በ2015 ጋብርኤል በቀይ ካርድ የወጣበትን ጨዋታ እኛም አልረሳነውም። ግን ለአስር ደቂቃ ታገሱን፤ የዛሬው ጉዳይ ጸባዩ አይደለም፣ ፓስፖርቱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልን።

ኮስታ የተወለደው በ1988 ላጋርቶ በምትባል የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ ነው። አባቱ «ዲዬጎ» ያሉት በማራዶና ስም እንደሆነ ይነገራል። ብራዚላዊ አባት ለልጁ የአርጀንቲናዊ ስም ሲያወጣ፣ ነገሩ ከጅምሩ ተወሳስቦ ነበር ማለት ይቻላል። ስለ ብራዚላዊ ኮከብ ስናስብ ትልቅ ክለብ ገና በልጅነቱ ወስዶ ያሳደገው፣ በአስራ ስድስት ዓመቱ ጋዜጣ ላይ የወጣ ልጅ ነው የሚመጣብን። ኮስታ እንደዚያ አይደለም። ከላጋርቶ ወደ ሳኦ ፓውሎ ሄዶ አጎቱ ሱቅ ይሠራ ነበር። እዚያው ሳኦ ፓውሎ ውስጥ የተጫወተበት አነስተኛ ክለብ ስሙ… ባርሴሎና! ባርሴሎናው ግን መሲ ያለበት አልነበረም። አገሩ ውስጥ ለታወቀ ክለብ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት፣ በ2006 የፖርቱጋሉ ብራጋ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሻንጣ ታሪክ ነው። ብራጋ ለሁለተኛ ዲቪዚዮኑ ፔናፊዬል አዋሰው። በ2007 አትሌቲኮ ማድሪድ ገዛውና ለሴልታ አዋሰው፤ ቀጥሎ ለአልባሴቴ። በ2009 ለቫያዶሊድ ሸጠው፤ በዓመቱ መልሶ ገዛው። በ2011 ጉልበቱ ተጎድቶ ወራት ተኛ። በ2012 ደግሞ ለራዮ ቫዬካኖ አዋሰው። እንደ ዕቃ ተበድሮ፣ ተመልሶ፣ ተሽጦ፣ ተገዝቶ ነው ሰው የሆነው። በ2013 የስፔን ንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በርናቤው ላይ፣ ሪያል ማድሪድ ላይ አገባ። አትሌቲኮ ከ1999 ጀምሮ ያላሸነፈውን ጎረቤቱን 2ለ1 አሸነፈ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በሊጉ 27 ጎል አስቆጥሮ አትሌቲኮ ከ1996 በኋላ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ እንዲያነሳ አደረገ።

ብራዚልስ በዚህ ሁሉ መሃል የት ነበረች? በማርች 2013 ጠራችው። አሰልጣኙ ሉዊዝ ፊሊፔ ስኮላሪ ነበር። ኮስታ ከጣልያንና ከሩሲያ ጋር በተደረጉ ሁለት የወዳጅነት ጨዋታዎች ተቀይሮ ገባ። በቃ። በዚያው ክረምት ብራዚል ያዘጋጀችው የኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲመጣ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ያለ እሱም ብራዚል ፍጻሜው ላይ ስፔንን 3ለ0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ማንም ኮስታን አልናፈቀውም።

በዚያው ጁላይ የስፔን ዜግነት አገኘ። የስፔን ሕግ ለላቲን አሜሪካ ሰዎች ገር ነው፤ ሁለት ዓመት በሕጋዊ መንገድ የኖረ ማመልከት ይችላል፤ የድሮ ዜግነቱንም ጣል አይባልም። የፊፋም ደንብ መንገድ አልዘጋበትም። በጊዜው በነበረው ደንብ አንድን ተጫዋች ለአንድ አገር የሚያስረው ለዋናው ቡድን የተሰለፈበት የውድድር ጨዋታ ነበር፤ የወዳጅነት ጨዋታ አያስርም። (ፊፋ ደንቡን በ2020 የበለጠ አላልቶታል።) ስለዚህ በጥቅምቱ ኮስታ በደብዳቤ «ምርጫዬ ስፔን ነው» ሲል ያፈረሰው ሕግ አልነበረም። ያፈረሰው ሌላ ነገር ነው፤ ብራዚል ስለ ራሷ ያላትን ግምት። ለመሆኑ ቢጫውን ማሊያ እምቢ የሚል ሰው አለ እንዴ?

ጫጫታውን ገምቱት። ስኮላሪ ኮስታ ለሚሊዮኖች ሕልም ለሆነው ነገር ጀርባውን እንደሰጠ ተናገረ። የብራዚል ፌዴሬሽን ዜግነቱን እስከማስነጠቅ ድረስ ዛተ። በጁን ያልፈለጉት ሰው በጥቅምት የአገር ጉዳይ ሆነ። እኛ ይህን ባህሪ ከሌላ ቦታ እናውቀዋለን። አብራችሁት ስትሆኑ ስልክ የማይደውል፣ ሌላ ሰው ስትይዙ ግን ጉድ የሚያፈላ የድሮ ፍቅረኛ የሌለው ማን ነው?

ፍትሐዊ እንሁንና የብራዚሎቹንም ወገን እንስማ። ዓለም ዋንጫው በአገራቸው ነው የሚካሄደው። አንድ ጊዜ ጥሪውን ተቀብሎ ማሊያውን ለብሷል፣ መዝሙሩን ዘምሯል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የብሔራዊ ቡድን ትርጉሙ ምርጫ አለመሆኑ ነው። ክለብ ትመርጣለህ፤ እናትህን ግን አትመርጥም። ብሔራዊ ቡድን እንደ ዝውውር ገበያ ከሆነ፣ ምኑ ነው ብሔራዊ? ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኛንም ለብዙ ምሽት አከራክሮናል።

ነገር ግን የኮስታም መልስ ቀላል አይደለም። ያለው በአጭሩ፣ ያለኝን ሁሉ የሰጠኝ ይህ አገር ነው የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ብራዚልን አልጠላም። የቆጠረው ማን መቼ እንደደረሰለት ነው። ጉልበቱ ሲጎዳ የት ነበር? ጎል ሲያገባ ስሙን የጠራው ሕዝብ የቱ ነው? ሰው የሚወለድበት ቦታ አንድ ነው፤ ሰው የሚሆንበት ቦታ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ውቅያኖስ ተለያዩ። ይኸው ነው ወንጀሉ።

ቅጣቱ በጁን 13 ቀን 2014 ደረሰ። የስፔን የመጀመሪያ ጨዋታ ከኔዘርላንድስ ጋር ሳልቫዶር ላይ ነበር። ሳልቫዶር የባሂያ ዋና ከተማ ናት፤ ኮስታ የተወለደበት ሰርጂፔ ደግሞ ለባሂያ አጎራባች ክፍለ ግዛት ነው። ልጁ በዓለም ዋንጫ ለመጫወት ወደ ቤቱ አካባቢ ነው የመጣው ማለት ነው። ኳስ በነካ ቁጥር ስታዲየሙ ጮኸበት፤ ሰደበው። ፍጹም ቅጣት ምት አስገኘ፣ ቻቢ አሎንሶም አገባው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ 5ለ1። ኮስታ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ተቀይሮ ወጣ። በአምስተኛው ቀን ማራካና ላይ ቺሊ 2ለ0 አሸነፈችና የዓለም ሻምፒዮኗ ስፔን ሻንጣዋን ሸከፈች። ብዙ ብራዚላዊ «እሰይ!» ሳይል አልቀረም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ጥሩ ተረት ይሆን ነበር፤ «አገሩን የከዳ መጨረሻው ይህ ነው» ብለን እንተኛ ነበር። ግን ጁላይ 8 አለ። ቤሎ ሆሪዞንቴ፣ ሚኔይራኦ ስታዲየም፣ ጀርመን 7 ብራዚል 1። ያን ቀን የብራዚል አጥቂ ፍሬድ ነበር፤ ኮስታ በፍሬድ ቦታ ሊጫወት ይችል ነበር ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ፍሬድ ብራዚላዊ ነው። ፓስፖርቱ አንድ ነው፣ አላወላወለም፣ ለማንም ጀርባውን አልሰጠም። ያም ሆኖ የገዛ ሕዝቡ ስታዲየም ሙሉ ሆኖ ጮኸበት፤ ሰደበው። ኮስታ ላይ የተጮኸው ስለ ከዳ ነው ካልን፣ ፍሬድ ላይ የተጮኸው ስለ ምንድን ነው? እንግዲህ ጩኸቱ ፓስፖርት አይቶ አይደለም ማለት ነው። ያላገባ አጥቂ አገር የለውም።

በስፔንም በኩል ቢሆን ማር አልነበረም። ለስፔን የመጀመሪያ ጎሉን እስኪያገባ እስከ ኦክቶበር 2014 ጠበቀ፤ ያውም ሉክሰምበርግ ላይ። እስከዚያ ድረስ ወሬው አላባራም፤ «ለኛ አጨዋወት አይሆንም፣ ኳስ ቅብብሉ ውስጥ አይገባም» ተባለ። ለ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫም አልተመረጠም። በ2018 ሩሲያ ላይ ግን ፖርቱጋል ላይ ሁለት፣ ኢራን ላይ አንድ አገባ። ያኔ ደግሞ «አጥቂያችን» ሆነ። ሲያገባ የኛ፣ ሲስት የነሱ። በ24 ጨዋታ 10 ጎል ይዞ የብሔራዊ ቡድን ታሪኩ ተዘጋ። በትውልድ የተገኘ ዜጋ ቢያጠፋ ይሰደባል እንጂ ዜግነቱ አይጠየቅም። በምርጫ የመጣው ግን በየጨዋታው ማመልከቻውን እንደ አዲስ ያስገባል። አገር መቀየር ቀላል መንገድ ነው የሚሉን ሰዎች ይህችን ሒሳብ ይዝለሏታል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ስለ ብራዚል ስንፈርድ አፋችን ይቀላል። የኛዋ ሳልቫዶር ግን ፓሪስ ላይ ነበረች፤ ኦገስት 11 ቀን 2024። ከልጅነት አገሯ በአስራ አምስት ዓመቷ በስደት የወጣችው ሲፋን ሐሰን በኔዘርላንድስ ማሊያ፣ ትዕግሥት አሰፋ በኛ ማሊያ፣ የማራቶኑ መጨረሻ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ። ሲፋን በሦስት ሰከንድ ቀደመች። ኢትዮጵያ ያቀረበችው አቤቱታ ውድቅ ሆነ። በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ የሰማነው ወሬ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ግማሹ «ወርቃችንን ወሰደችው»፣ ግማሹ «ያው የኛው ልጅ ናት» ይል ነበር። አንዳንዱ ሰው ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ይላል! ሲያገባ የኛ፣ ሲስት የነሱ የሚባለው ነገር ስፔን ብቻ ያለ በሽታ አይደለም።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ኮስታ ስፔናዊ ሲሆን ብራዚላዊነቱ አልቀረም፤ ጨመረ እንጂ አልቀየረም። በ1996 ዓ.ም. (ይህቺ እንኳ በኛ አቆጣጠር ናት) የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። የኛ ልጅ በር ሲከፍት ከኋላው ያለው በር ይዘጋል። እና ከኛ ባች ሁለት ሰው በተቀመጠ ቁጥር ወሬው ስለ ስኮላርሺፕና ስለ ቪዛ በሆነበት ዘመን፣ ይህ የኳስ ወሬ ብቻ አይደለም። ዲግሪያችንን ይዘን በየሚዲያው ያለ ክፍያ «ልምምድ» ያደረግን፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ስንሞቅ ዓመት ያለፈብን ሰዎች፣ ያቺን ወንበር በደንብ እናውቃታለን። ከመካከላችን የሄዱ አሉ። አንድ ቀን አንዷ ጥሩ ቦታ ስትደርስ «የኛ ልጅ» ብለን ፎቶዋን እንደምንለጥፍም እናውቃለን። ወንበሩ ላይ ሳለች ግን ማን ጠየቃት?

ሂዱ ማለታችን አይደለም፤ ቅሩም ማለታችን አይደለም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ ታማኝነት መጠየቅ የሚያምርበት ቀድሞ ያሰለፈ ነው። አሰልጣኙ በጁን ከዝርዝሩ አውጥቶ በጥቅምት ከዳተኛ ካለ፣ ችግሩ ያለው ከዝርዝሩ ላይ ነው።

ኮስታ በ2021 ወደ ብራዚል ተመለሰ፤ ለአትሌቲኮ ሚኔይሮ ፈረመ። ሜዳው ያው ሚኔይራኦ ነበር፤ ያ 7ለ1 የተቆጠረበት፣ ፍሬድ የተሰደበበት። በዚያ ዓመት ክለቡ ከ1971 በኋላ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሳ፤ የብራዚል ዋንጫንም ደገመ። ሕዝቡ ሲጨፍር ኮስታም ከቡድኑ ጋር ነበር። ያን ቀን ፓስፖርቱን ያሳይ ያለው ሰው አልነበረም።