መጨረሻውን የመርሳት ሙያ

ታሪክ ጸሐፊ ብዕሩን ሲያነሳ ማን እንዳሸነፈ ያውቃል። የጦርነት ጨዋታ የሚነድፍ ታሪክ ጸሐፊ ግን ይህንኑ እያወቀ መርሳት አለበት። ሰሌዳው ላይ ተሸናፊውም የሚያሸንፍበት ቀዳዳ ከሌለ ጨዋታ የለም። እኔ ይህን ሙያ የማከብረው በዚህ ነው፤ ለሞቱት ሰዎች ያን ቀን የነበራቸውን ምርጫ ይመልስላቸዋል።

✻

የጦርነት ጨዋታ ነዳፊው ጂም ደኒጋን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከ1961 እስከ 1964 በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ፣ ኮሪያም ደርሶ ሲመለስ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ በ1967 የጀትላንድን የባሕር ውጊያ ጨዋታ አድርጎ አወጣ። በ1969 ኒውዮርክ ላይ የራሱን ድርጅት ከፈተ፤ የሚያሳትመው መጽሔት ሲገለጥ ከጽሑፉ ጋር አንድ ሙሉ ጨዋታ ታጥፎ ይገኝበት ነበር። አንባቢው ስለ ዘመቻው ያነብብና ካርታውን ዘርግቶ ራሱ ይዘምታል። ድርጅቱ በ1982 ከእጅ ወጣ፤ ሐሳቡ ግን አልጠፋም። ያነበብከውን ሞክረው፣ ካልተስማማህ ሕጉን አስተካክለህ እንደገና ሞክረው።

✻

በአማርኛ «ሰንጠረዥ» ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የንጉሥና የፈረስ ጨዋታ፣ ሌላው በዓምድ የተደረደረ ቁጥር። የዚህ ሙያ ልብ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ቻርልስ ሮበርትስ የተባለ የሜሪላንድ ሰው በ1954 ባወጣው ጨዋታ ያስለመደው አሠራር ይህ ነው፦ 12 ጉልበት ያለው ጦር 4 ጉልበት ባለው ላይ ሲዘምት ተጫዋቹ «ሦስት ለአንድ» የሚለውን ዓምድ ይፈልጋል፣ ዳይስ ይጥላል፣ ዕጣውን ከዓምዱ ላይ ያነባል። ዳይሱን የሚጥለው ተጫዋቹ ነው፤ ዓምዱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ግን ነዳፊው መድፍ ሲቆጥር፣ የመንገድ ርቀት ሲለካ ከርሞ ያገኘው ነው።

✻

የእኛው የሰንጠረዥ ጨዋታም ለነዳፊ የሚያስተምረው አለው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እኩል ይሮጣሉ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል። የዚህ የመክፈቻ ሩጫ ስም ወረራ ነው። የምዕራቡ ነዳፊዎች «ጠላት ተራ አይጠብቅም» የሚለውን ችግር ለመፍታት ትእዛዝን በወረቀት አስጽፈው በአንድ ጊዜ እስከማስገለጥ ደርሰዋል። አያቶቻችን ግን በሁለት እጅና በፈጣን ዓይን ጨርሰውታል።

✻

በ1942 ሊቨርፑል ውስጥ፣ በሳንባ ነቀርሳ ከባሕር ኃይል የተሰናበተው ጊልበርት ሮበርትስ የአንድ ክፍል ወለል ለጦርነት ጨዋታ ባሕር አደረገው። መርከበኞቹ ከሸራ ጀርባ ቆመው በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ያያሉ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ጉዞ ከዚያ ሆኖ ዓይን በማይለየው አረንጓዴ ጠመኔ ይሰመራል። ወለሉ ላይ ተንበርክከው የሚያሰምሩት፣ የሚያሰሉትም ወጣት ሴት ወታደሮች ነበሩ። እዚያ የተፈተኑት ስልቶች አትላንቲክ ላይ መርከቦችን ለማጀብ ዋሉ። ትልቁ ብልሃት ሸራው ነው፤ ካፒቴኑ ከመርከቡ ላይ ሊያይ ከሚችለው በላይ አያሳይም።

✻

በዚያው ዓመት የጃፓን ባሕር ኃይል ሚድዌይን በጨዋታ ሲሞክር የራሱ አውሮፕላን ተሸካሚዎች ተመቱ። ዳኛው አድሚራል ኡጋኪ ጉዳቱን ቀነሰውና ዕቅዱ ቀጠለ። በውጊያው አራት ተሸካሚዎች ሰመጡ። ጨዋታ እውነቱን ቢናገርም የሚሰማው ጆሮ ይፈልጋል።

✻

እኔም ጨዋታ ልነድፍ የዓድዋን ካርታ በባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ከፋፍዬ ካርቶን ላይ ለጠፍኩ። በመጀመሪያ ያስጨነቀኝ ጀግንነትን በስንት ቁጥር እንደምጽፈው ነበር። ሥራው ግን ወደ ስንቅ መራኝ። የምኒልክም የጣሊያኑ አዛዥ የባራቲየሪም ጦር ስንቁ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። ቀድሞ የሚርበው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ይህን መጽሐፍ ላይ አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን የስንቁን ጠጠር በየቀኑ አንድ አንድ ሳነሳ ነው።

✻

የጣሊያኑ ጄኔራል የአልበርቶኔ ንድፍ ካርታ «ኪዳነ ምሕረት» የሚለውን ስም ያለ ቦታው አስቀምጦት ነበር። አልበርቶኔ እውነተኛውን ኮረብታ ፍለጋ ከጓዶቹ ርቆ ወደፊት ገባ፤ ብቻውንም ተከበበ። እኔም ለጣሊያኑ ወገን የሰጠሁት ካርታ ላይ ስሙን እንደዚያው አሳሳትኩ። የወንድሜ ልጅ ከመጀመራችን በፊት በጣሊያኖቹ ቂልነት ሲስቅ ነበር። ብርጌዱን ወደ ተጻፈለት ኮረብታ ነዳ፤ ቦታው ያ እንዳልሆነ ስነግረውም ወደፊት ገፋ። ከሦስት ወገን ስዘጋበት እጁን ከካርቶኑ ላይ አንስቶ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ካርታውን አምኜ ነው» አለ።

ያን ማታ የዓድዋ ድል በዓይኔ አላነሰም። ከፊት ለፊቱ የነበረው ሰው ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው ሆኖ ታየን።